ሰማይ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ

ማክሱን ከአውቶቡስ ወርዳ መጀመሪያ ያየችው ሰማዩን ሳይሆን አጥሩን ነበር።

"ይኸውልሽ፣" አለች። "አጥሩ ዘሟል። አጥር ቀጥ አድርጎ ማቆም ያቃተው ሰው ነው እኔን ከሰማይ አውርዶ በእግሬ የሚያቆመኝ?"

ጎረቤቷ ፒልሬ የምሳውን ቋጠሮ ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "የቦራም እናት፣ አጥር ልታዪ አይደለም የመጣሽው። ልጁን ልታዪ ነው።"

"ምን ብዬ ነው ለምኜሽ የመጣሁት?"

"ውይ አፌን! ማክሱን። ማክሱን። ማክሱን።" ፒልሬ መራራ መድኃኒት እንደዋጠ ሰው ፊቷን አጨማደደች። "አልለምድልሽ አለኝ እኮ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቦራም እናት ስልሽ ኖሬ ዛሬ ተነስተሽ በስሜ ጥሪኝ ትያለሽ። ባልሽ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ እንኳ በስምሽ ጠርቶሽ አያውቅም።"

እውነቷን ነው። ቦራም ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ በመንደሩ ውስጥ ማክሱን የምትባል ሴት አልነበረችም፤ የነበረችው የቦራም እናት ነች። ስሟ የሚጠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዳ ወረፋ ሲደርሳት፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ከፒልሬ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደል በሚቆጥሩበት የጎልማሶች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የራሷ ስም ከየትኛውም የውሸት ስም ይልቅ ደህና አድርጎ ይሸሽጋት ነበር። የእጮኛውን እናት በስሟ የሚያውቅ ወንድ በዚያ አገር የለም።

ነገሩ የተጀመረው ቦራም ከሴኡል መጥታ እራት ላይ "የማገባው ሰው አግኝቻለሁ" ያለች ዕለት ነው። ማክሱን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ሥራው ምንድን ነው?"

"ሰው ይዞ ከአውሮፕላን ይዘላል። ጥንድ ዝላይ ይባላል። እንግዳው ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆኖ በአንድ ፓራሹት ይወርዳሉ።"

"ተያይዘው?"

"ተሳስረው።"

"ሆዱ ላይ?"

"አዎ እማዬ፣ ሆዱ ላይ።"

"ሴትም ብትሆን?"

"እማዬ!"

"ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ! ቀኑን ሙሉ የሰው ሚስት ሆዱ ላይ አስሮ ውሎ፣ ማታ እጁን ታጥቦ እራት የሚበላ ባል ነው ያገኘሽልኝ?"

ቦራም ሳቀች። "ለመኸሩ በዓል ይዤው ልምጣና እዪው" አለች። ማክሱን ግን እምቢ አለች። ለበዓል የሚመጣ አማች ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ የፍራፍሬ ካርቶን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ከደጅ ጀምሮ እያጎነበሰ ነው የሚገባው። በዚያ ቀን ጨዋ ያልሆነ ሰው የለም። እሷ ልታየው የፈለገችው በሥራው ቀን፣ ማን እያየው እንደሆነ ሳያውቅ ነው።

ምክንያት ነበራት። ቦራም ገና ሕፃን ሳለች፣ አገሩ በሙሉ በኪሳራ ተመትቶ ሰው በየቀኑ ከሥራ በሚባረርበት ዘመን፣ ባሏ በየጠዋቱ ክራቫቱን አስሮ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣ ነበር። "ሥራ እንዴት ነው?" ስትለው "ደህና ነው፣ ምንም አታስቢ" ይላታል። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ፣ እንጉዳይ ልትለቅም ከከተማው ጀርባ ወዳለው ተራራ የወጣች አንዲት ሴት፣ ክራቫቱን እንዳሰረ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ምሳውን ሲበላ አገኘችው። ለካ ከተባረረ ቆይቷል። ማክሱን በመባረሩ አልተቀየመችውም። እሷን የሚያንገበግባት በየማታው በራፍ ላይ ጫማው ላይ ጭቃ እያየች፣ የቢሮ ሰው ጭቃ ከየት አመጣ ብላ አለመጠየቋ ነው። ከዚያ ወዲህ "ደህና ነው" የሚል ወንድ ሲያጋጥማት ዓይኗ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ጫማው ነው።

ቦራም ደግሞ ቃሏን ሰጥታለች፤ "አንቺ ካልወደድሽው አላገባውም" ብላለች። ስለዚህ የዛሬው ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ሰውየው እንደ አባቷ እውነቱን የሚሸሽግ ሆኖ ከተገኘ፣ ማክሱን ሳይመሽ ስልኳን አንስታ "ይቅርብሽ" ልትል ነው።

የዝላይ ሜዳው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀት አቀረበችላት። "እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እናቴ።"

"ሳላነብ አልፈርምም።"

"ረጅም እኮ ነው። ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ነው የሚፈርመው።"

"ሁሉም ሰው በልጅነቱ ስላነበበ ሰልችቶታል። እኔ ገና አልሰለቸኝም።"

ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ጀመረች። ፒልሬም በትከሻዋ በኩል አንገቷን አስግጋ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። ወረፋ የያዙት ጎረምሶች ያዛጋሉ።

"እዚህ ጋ ሞት ይላል፣" አለች ማክሱን።

"የተለመደ ነው፣ እናቴ።"

"ሞት የተለመደ ነው?"

"አይ፣ ማለቴ... አጻጻፉ!"

ፒልሬ በሳቅ ፈነዳች። ማክሱን አልሳቀችም። እስከ መጨረሻው አነበበችና በትላልቅ ፊደላት ስሟን ጻፈች። ከዚያም በመስኮቱ በኩል ወደ ሜዳው ጠቆመች። "የሚያዘልለኝ ያ ረጅሙ ይሁን። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው።" ከቦራም ስልክ ላይ በፎቶ አይታው ነበር።

"ገበያ ዶሮ ልትገዛ የመጣች ነው የምትመስለው፣" አለች ፒልሬ ለልጅቷ። ወደ ማክሱን ዞረችና፣ "እግሩንም ገልብጠሽ እዪውና!"

ሰውየው መጥቶ በአክብሮት ጎንበስ አለ። "ቴጎን እባላለሁ፣ እናቴ። ዛሬ አብረን ነን።"

ማክሱን ክው አለች። ለምን እናቴ አላት? አውቋት ይሆን? ግን ፒልሬንም እናቴ አላት፣ ጥጉ ላይ ሻይ የምትቀዳውንም ሴትዮ እናቴ አላት። አፉ ለስላሳ ነው ማለት ነው፣ ብላ በልቧ ያዘችበት። ጫማውን አየች። ሣር እንጂ ጭቃ የለበትም።

ቱታ አለበሳትና መታጠቂያውን ያስርላት ጀመር። ትከሻዋ ላይ፣ ደረቷ ላይ፣ በመጨረሻም ጭኗ ላይ። የጭኑን ሲያስር "ይቅርታ እናቴ" ብሎ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ፊት ማዞሩን እንኳ አላመነችውም። ለታይታ ሊሆን ይችላል።

"ሚስት አለህ?"

"የለኝም። የማገባት ግን አለች።"

"ይህን ሥራህን ወደደችልህ?"

"ትፈራለች። አትከለክለኝም ግን።"

"ጎበዝ ነህ መሰለኝ። መቼም ተጎድተህ አታውቅም፣ አይደል?"

"አውቃለሁ እንጂ።" ቅንድቡን ነካ። "ሳርፍ ድንጋይ መታኝ። ንፋሱን ንቄ ነው፤ ራሴ ያመጣሁት ነገር ነው።"

ማክሱን ዓይኗን አጠበበች። አዋቂ ዋሾ እንዲህ ነው፣ አለች ለራሷ። ትልቁን ሊደብቅ ትንሿን እውነት አስቀድሞ ይሰጥሻል።

እንዴት ጀርባዋን ለጥጣ፣ ራሷን ወደኋላ ጥላ፣ እግሯን አጥፋ እንደምትዘል፣ ሲያርፉ ደግሞ እንዴት እግሯን ወደ ላይ እንደምታነሳ አሳያት። "ማሰሪያውን ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካው፣ እርስዎም ቢሆኑ" አላት። ሊሳፈሩ ሲሉ ግን ከወንዙ ማዶ ደመና መጣ፣ ጠብቁ ተባለ። ሁለቱ ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፒልሬ ጭንቀት ሲይዛት ሰው ታጠጣለች፤ ከፔርሙዙ የገብስ ሻይ እየቀዳች ለማክሱን ደጋገመችላት።

ሻዩም ሥራውን ሠራ። ማክሱን ተነስታ ወደ ሽንት ቤት ሄደች። በሩን ዘግታ ቁልቁል ስታይ ማሰሪያው ሁለቱንም ጭኖቿን ጠፍሮ ይዟቸዋል። ምን ይደረግ? ሰውየውን ልትጠራ ነው? የልጇን እጮኛ፣ ነገ ቤቷ መጥቶ ሊሰግድላት የሚችለውን ሰው፣ "ና ጭኔን ፍታልኝ፣ ስጨርስም እሰርልኝ" ልትለው ነው? ከዚህ ሞት ይሻላል። ራሷ ፈታችው። ልትመልሰው ስትታገል የድምፅ ማጉያው ስሟን ጠራ። የማሰሪያው ጫፍ ዘለበቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ዞሮ መመለስ ነበረበት። እሷ ግን ሽርጥ እንደምትታጠቀው አንድ ጊዜ ብቻ አሾልካ ሳብ አደረገችውና እየሮጠች ወጣች።

ቴጎን አውሮፕላኑ አጠገብ ይጠብቃታል። ሞተሩ ተነስቷል። ግማሹን መንገድ ስትሄድ ከአጥሩ በኩል ድምፅ ተሰማ።

"የቦራም እናት! ቆዪ! የቦራም እናት፣ ማሰሪያሽ!"

ማክሱን ደሟ ቀዘቀዘ። ያቺ አፈ ልቅ! ዞር ብትል አለቀላት። ሌላ ሴት እየተጠራች እንደሆነ አስመስላ እርምጃዋን አፈጠነችና የሰውየውን እጅ ይዛ ገባች። ማሰሪያ የሚለውን ቃል ሰምታው ነበር። ልቧ ግን የተያዘው ከቃሉ በፊት በተጠራው ስም ነው።

አውሮፕላኗ ወንበር የላትም። ወለሉ ላይ አንዱ በሌላው ጉልበት መሃል እንደ ተደራረበ ሳህን ተቀመጡ፤ እሷና ቴጎን ከኋላ፣ ሌላ አሰልጣኝና ከውትድርና በቅርቡ የተሰናበተ አንድ ወጣት ከፊት። ከታች የሩዙ ማሳ ቢጫ ሆኖ ይርቃል። ማክሱን ግን ማሳውን አላየችም። የምታዳምጠው ከኋላዋ ያለውን ዝምታ ነበር። ምድር ላይ እንደዚያ ሲያወራ የነበረ ሰው አሁን ምላሱ ተቆርጧል። ሰምቶ ይሆን? ሰምቶ ከሆነ ልፋቷ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚህ በኋላ የሚያሳያት ሁሉ ለአማት የሚታይ ቲያትር ነው።

ከፍታው ላይ ሲደርሱ ወደ ራሱ ሳባትና ትከሻዋ ላይ ያሉትን መንጠቆዎች ቀጭ ቀጭ አደረጋቸው። ከዚያ እጁ ወደ ታች ወረደ። የጭኗ ማሰሪያ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሳብ አደረገው። ማሰሪያው ምንም ሳያስቸግር እየተንሸራተተ መጣ።

"እናቴ፣" አላት ጆሮዋ ሥር፣ "ይህን ማን ነካው?"

"አንተ ነህ ያሰርከው!"

ወጣቱ ዞሮ ሳቀ። "እማማ ፈሩ! ሰበብ እየፈለጉ ነው!"

"አልፈሩም፣" አለ ቴጎን ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። "ጥፋቱ የኔ ነው። በሩ ላይ ሳልፈትሽ ነው ያስገባኋቸው። እናንተ ዝለሉ፣ እኛ ከአውሮፕላኑ ጋር እንወርዳለን።"

"እዚሁ አጥብቀውና ጨርስ እንጂ፣" አለው ሌላው አሰልጣኝ።

"ከመሬት ጀምሮ እንደገና ካልታሰረ አልዘልም።"

በሩ ተከፈተ። ንፋሱ እንደ ጎርፍ ገባ። ወጣቱ በሩ ላይ ሲቀመጥ ሳቁ ጠፍቶ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ "እማዬ!" ብሎ ጮኸና ከነአሰልጣኙ ተሰወረ። ሰው እንዲህ ይጠፋል። በሩ ሲዘጋ ማክሱን ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። የሚያንቀጠቅጣት ብርዱ ብቻ አይደለም። ማሰሪያውን የፈታችው እሷ ነች። ታውቃለች። እሱም ሳያውቅ አይቀርም። ታዲያ ዓይኑን ሳያሽ "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። እንዴት ቀለለው! የቦራም አባትም እንዲሁ ነበር። እሱም ቢሆን የዋሸው ለሚስቱ አዝኖ ነው፤ ማንንም ሊጎዳ ብሎ አልነበረም። ይኸው ነው እንግዲህ፣ አለች። አገኘሁት።

ምድር ላይ አለቃው ወገቡን ይዞ ቆሟል። ቴጎንን ወደ ጎን ወሰደው፤ ድምፁ ግን የሚሸሸግ አልነበረም።

"በር ላይ ሳትፈትሽ ሰው ታሳፍራለህ?"

"አልፈተሽኩም።"

"ምን ሆነህ?"

"ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።"

"ልብህ ሌላ ቦታ ከሆነ እግርህንም ሌላ ቦታ ውሰደው! ማን ነው የፈታው?"

"እሳቸውን ገና አልጠየቅኋቸውም። አሁን እጠይቃለሁ።"

መጥቶ አግዳሚው ፊት ቁጢጥ አለ። ፒልሬ የተጠቀለለውን ሩዝ አፏ ውስጥ እንዳደረገች ማኘኳን አቆመች።

"እናቴ፣ ማሰሪያውን ማን ፈታው?"

"ነገርኩህ እኮ። አንተ ነህ ያሰርከው።"

"እኔ ያሰርኩት እንደዚያ አይደለም።" ድምፁ አልጠነከረም፤ አልለሰለሰምም። "ሰው ፊት ሲሆን ኀፍረቱን እኔ እሸከመዋለሁ። እዚህ ግን ሦስታችን ብቻ ነን። እውነቱን ካልነገሩኝ ከእርስዎ ጋር አልወጣም። ከማንም ጋር እንዳይወጡም ለአለቃዬ እነግራለሁ።"

ማክሱን የጠበቀችው "ምንም አይደለም፣ እናቴ" የሚል ነበር። ሽቅብ አየችው። አማትነቷን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ይናገራል? እንግዲያው አልሰማም ማለት ነው። ወይስ ሰምቷል?

"ንገሪው እንጂ!" አለች ፒልሬ ሩዙን ውጣ። "የሻይ ነገር ነው፣ ልጄ። አጠጥቼ አጠጥቼ..."

"አንቺ ዝም በይ! እኔ ነኝ የፈታሁት። ሽንት ቤት።"

"ለምን አልጠሩኝም?"

"አንተን? እዚህ ጋ?" ጭኗን በጥፊ መታች። "ምን ብዬ?"

የቴጎን ጆሮ ቀላ። "ቢሮ ያለችውን ልጅ ይጠሯት ነበር። ለዚህ ለዚህ ሴት አለች።" ተነሳና ቱታውን አራገፈ። "እሺ። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። አሁን መውጣት ይፈልጋሉ?"

ፒልሬ ክንዷን ቆነጠጠቻት። "በቃሽ፣ እንሂድ። ልጁን አየሽው አይደል?"

አየችው? ያየችው ነገር ሁለት ፊት ነበረው። ላይ ሲሆን ለሰው ዋሸ፣ ታች ሲሆን እውነት አስወጣ። የትኛው ነው ልጇን የሚያገባት? ይህን የምትጠይቅበት ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ሰውየው ተነስቶ ሻይ ላምጣ የማይልበት ቦታ።

"እወጣለሁ፣" አለች።

በዚህኛው ጊዜ ማሰሪያውን ከታች ጀምሮ አሰረላት፤ ፊቱንም ወደ ሜዳው አላዞረም፤ እጁን እያየ አሰረ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሳብ ሳብ አደረገው።

ሰማይ ላይ በሩ ሲከፈት ጥያቄዋ በሙሉ ከራሷ ላይ በነነ። እግሯ ባዶ ላይ ተንጠለጠለ። ራሷን ወደኋላ ጣለች፤ ዓለም ተገለበጠ። ንፋሱ አፏን ሞልቶ ድምፅ ከለከላት። ጉንጯ ወደ ጆሮዋ ሸሸ። ቦራምንም፣ ባሏንም፣ ስሟንም ረሳች። ከዚያ አንድ ትልቅ እጅ ከላይ ይዞ የሳባት መሰላት፣ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

ከእግሯ በታች ወንዙ እንደ ተጣለ ቀበቶ ተኝቷል። የአትክልት ቤቶቹ ላስቲክ በፀሐይ ያበራል። ከሩቅ ውሻ ሲጮህ ይሰማ ነበር።

"ደህና ነዎት?"

"እሱን ተወው። ቴጎን፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?"

ከራሷ በላይ ጨርቁ ይንሾካሾካል። አላውቅም ቢላት ታምነዋለች፤ ለማመን ዝግጁ ነበረች፤ ነገሩም በደስታ ያልቅ ነበር።

"አውቃለሁ፣" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጓደኛዎ ከአጥሩ ጋ ሲጣሩ። የቦራም እናት ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን አልሰማሁም።"

"እንግዲያው አውሮፕላኑ ውስጥ ጥፋቱ የኔ ነው ያልከው አማትህ መሆኔን አውቀህ ነው።"

"አዎ።"

"ልታስደስተኝ ዋሸህ።"

"አልዋሸሁም።" በጀርባዋ በኩል ትንፋሹ ሲከብድ ተሰማት። "ሰው ሳሳፍር በሩ ላይ የጭኑን ማሰሪያ በእጄ እነካለሁ። ሁልጊዜ። ዛሬ ስሙን ስሰማ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። ምን እላለሁ፣ እንዴት ሰላም እላለሁ ስል እጄ ሥራውን ረሳ። እርስዎ ፈቱት፣ እኔ አላየሁትም። ጥፋቱ የኔም ነው ማለቴ ነው።"

"ሌላ እናት ብሆን ኖሮስ?"

"ሌላ እናት ቢሆኑ መፈተሹን አልረሳም ነበር።"

ማክሱን ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ግን አንድ ነገር ውስጧን ወጋት። "ላይም ሳታየው ብንዘል ኖሮስ? ምን እሆን ነበር?"

አሁን፣ አለች በልቧ። አሁን "ምንም አይሆኑም ነበር" ይለኛል።

"ፓራሹቱ ሲከፈት ከማሰሪያው ሾልከው ሊወድቁ ይችሉ ነበር።"

ከእግሯ በታች ያለው አየር ሁሉ በአንድ ጊዜ ታያት። በሕይወቷ ሙሉ ማንም ወንድ እንዲህ ያለ አስፈሪ ነገር ሳይሸፍንና ሳያለባብስ ነግሯት አያውቅም። ፈራች፤ በፍርሃቷ ውስጥ ግን ደረቷ ቀለላት። ከስንት ዓመት በኋላ ጫማውን ሳታይ በንግግሩ ብቻ ያመነችው ወንድ ይህ ነው።

"አማትህ መሆኔን ካወቅህ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ታች ሆነህ ለምን እንደዚያ ታፋጥጠኛለህ? ዝም ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር እኮ።"

"ቦራም ሌላ እናት የላትም።"

ሜዳው እየተጠጋ መጣ፣ ዘመም ያለውም አጥር፣ ከአጥሩ ሥር እጇን የምታወናጭፍ አንዲት ትንሽ ሴትም።

"አሁን እግር! እግርዎን ያንሱ፣ እናቴ! ከፍ!"

ያነሳች መስሏት አንዱን ብቻ አነሳች። ሁለቱም ሣሩ ላይ በቂጣቸው ተንሸራተቱ፣ ትንሽ ተጎተቱ፣ ቆሙ። ፓራሹቱ በላያቸው ላይ ወርዶ ሸፈናቸው። ፒልሬ ስትደርስ ጨርቁን እየገለጠች "የቦራም እናት! በሕይወት አለሽ? አንድ ነገር ተናገሪ!" ትላለች።

"አለሁ። አትጩሂ። ሰምቶሻል፣ ሁሉንም አውቋል።"

"ወይኔ! ያኔ ነው? እኔ እኮ ማሰሪያሽ ተንጠልጥሎ ባየው ጊዜ..."

ቴጎን መንጠቆዎቹን ፈትቶ ቆመ። አጎነበሰ፣ ቀና አለ፣ እንደገና አጎነበሰ።

"ስልኬን አምጪልኝ፣" አለች ማክሱን ለፒልሬ።

ቦራም ወዲያው አነሳች። "እማዬ? ምነው በዚህ ሰዓት? ደህና ነሽ?"

"ልጁን አየሁት።"

"የትኛውን ልጅ?"

"ስንት ልጅ አለሽ? ያንቺን ነዋ።"

"ቴጎንን?"

"ስሚኝ፣" አለች ማክሱን። ቴጎን እየሰማ መሆኑን ታውቃለች፤ ድምጿን አልቀነሰችም። "ይህ ሰው የሚያባብል ነገር መናገር አይችልበትም። እናትሽን ወድቀው ሊሞቱ ይችሉ ነበር ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ነው። ከእሱ ጋር ብዙ ትጣያለሽ። አንዳንድ ቀን እዚህ ድረስ ያንገሸግሽሻል።" ጉሮሮዋን በእጇ አሳየች፤ ስልክ ላይ እንደሆነች ረስታለች። "ግን የምትጣይው ባለ ነገር ነው። ከጀርባሽ ምን አለ ብለሽ ጫማ አታዪም። አግቢው።"

"እማዬ... የት ነው ያለሽው? ማን ወድቆ ነው የሚሞተው?"

ማክሱን ሣሩ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች። እንባዋ ለዝላዩ ባደረገችው መነጽር ሥር ተጠራቅሟል፤ ከንፋሱ ይሁን ከሌላ ነገር አላወቀችም። ስልኩን ሽቅብ ዘረጋችለት።

"አንተ ንገራት፣" አለችው። "ሁሉንም ንገራት። እኔ ብነግራት አታምነኝም።"

ቴጎን ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበላት።